ንቅሳትና ትርጉሙ

(በሬዲዮ የተነገረ)



የእኅቴ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟን በተቀበለች ማግስት ወደ ቤቴ መጣች። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ሲሆን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆና ከተቀጠረች ገና አንድ ወር መሙላቷ ነበር። አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ስለ አለቃዋና ስለ ፋይሉ ብዛት ስታጫውተኝ ቆይታ፣ ቶናው ሲቀዳ የመጣችበትን ጉዳይ አወጣችው። በግራ እጇ አንጓ ላይ ትንሽ ንቅሳት፣ ማለትም ዛሬ በከተማችን «ታቱ» የሚባለውን፣ ለመነቀስ አስባ እናቷን ብታማክር፣ እናቷ «ትርጉሙ ምንድን ነው? ትርጉም ያለው ከሆነ እሺ፤ ትርጉም ከሌለው ግን ገላሽን በከንቱ አታበላሺ» ብላ መለሰችላት። ልጅቱም ሦስት ሳምንት ሙሉ ትርጉም ስትፈልግ ሰንብታ አንድም የሚያጠግብ ባለማግኘቷ፣ «ጋሼ፣ አንተ ታሪክ ታነብ የለም ወይ፤ እስቲ ትርጉም ፈልግልኝ» ስትል ወደ እኔ መጣች።

እኔም ነገሩ ቀላል መስሎኝ እሺ አልኋት። መጻሕፍቱን ሳገላብጥ ከሰነበትሁ በኋላ ግን ለልጅቱ የሚሆን ትርጉም ሳይሆን ሌላ ነገር አገኘሁ፤ ይኸውም «ተነቃሽ ሁሉ ለንቅሳቱ የራሱ ትርጉም ሊኖረው ይገባል» የሚለው አሳብ ዛሬ እንደምንገምተው ጥንታዊ አለመሆኑን ነው። ከአድማጮቼም መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ በቤቱ የገጠመው ሰው አይጠፋምና፣ ለእርሷ የነገርኋትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመስከረም ወር 1991 ዓ.ም. በኢጣልያና በኦስትርያ ወሰን ላይ፣ በአልፕስ ተራራ ይጓዙ የነበሩ ባልና ሚስት ከበረዶ ውስጥ ብቅ ያለ የሰው ሬሳ አገኙ። ሊቃውንት በመረመሩት ጊዜ ሰውየው ከሞተ 5,300 ዓመት ያህል እንደ ሆነው ታወቀ፤ ቆዳው ሳይበሰብስ ስለ ቆየም በገላው ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቆጠሩ። ከእነዚህ ውስጥ የአውሬ ወይም የአምላክ ሥዕል አንድም የለም፤ ጎን ለጎን የተሰለፉ አጫጭር መስመሮችና ጥቂት የመስቀል ቅርጾች ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ያሉት በወገቡ፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ሲሆን፣ አጥንቱ ሲታይ በእነዚሁ ሥፍራዎች መጋጠሚያዎቹ ተበልተው ስለ ተገኙ፣ ንቅሳቱ ሕመም ለማስታገስ የተደረገ ሕክምና ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ ይህ ሰው «የንቅሳትህ ትርጉም ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ምናልባት «ወገቤን ስለሚያመኝ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥል ነበር።

በዚያው ዘመን አቅራቢያ የኖረ ሌላ ሰው ደግሞ በላይኛው ግብፅ ገበለይን በተባለ ሥፍራ በአሸዋ ውስጥ ደርቆ ተገኝቶ፣ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። በክንዱ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ተመልካቹ ሁሉ እንደ ተራ እድፍ እየቆጠረው ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ ኖረ። በ2018 ዓ.ም. ግን ኢንፍራሬድ በሚባለው ጨረር ፎቶግራፍ ቢነሣ፣ እድፉ የአንድ የዱር በሬና የአንድ የዱር በግ ሥዕል ሆኖ ተገኘ። ኃይልንና ጀግንነትን ለመግለጥ ነው የሚሉ አሉ። ባለቤቱ ግን አልተናገረም።

ወደ ግሪኮች ዘመን ስንመጣ የሚናገር ምስክር እናገኛለን። የታሪክ አባት የተባለው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፣ ከግሪክ በስተ ሰሜን በሚኖሩት በትራቅያ ሰዎች ዘንድ መነቀስ የመኳንንት ወገን የመሆን ምልክት እንደ ነበረ፣ ያልተነቀሰ ሰውም ከዝቅተኛ ወገን እንደ ተወለደ ይቆጠር እንደ ነበር ያስረዳል። በራሳቸው በግሪኮቹ ዘንድ ግን የሚነቀሰው የኮበለለ ባሪያና ወንጀለኛ ነበር። መርፌው አንድ፣ ቀለሙም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የትራቅያው ባላባት ወሰኑን በተሻገረ ጊዜ የጌትነቱ ምልክት የባርነት ምልክት ሆኖ ይታይበታል ማለት ነው። ግሪኮቹ ይህን ምልክት «ስቲግማ» ይሉት ነበር፤ ዛሬም ቃሉ በአውሮፓ ቋንቋዎች የነውር ምልክት ማለት ሆኖ ቀርቷል።

ይኸው ጸሐፊ የሚተርከው ሌላ ታሪክ አለ፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት እርሱን ነው። ሂስትያዮስ የተባለ የሚሊጢን ገዢ በፋርስ ንጉሥ በዳርዮስ ከተማ በሱሳ እንደ ግዞተኛ ተይዞ ሳለ፣ በአገሩ ለቀረው ለአማቹ ለአሪስታጎራስ በንጉሡ ላይ እንዲያምፅ ምሥጢር ለመላክ ፈለገ። መንገዱ ሁሉ ይጠበቅ ስለ ነበረ፣ እጅግ የሚያምነውን ባሪያውን ጠርቶ ጠጉሩን ላጨውና መልእክቱን በራስ ቆዳው ላይ ነቀሰበት፤ ጠጉሩ እስኪያድግ ጠብቆም ሰደደው። ባሪያው ሚሊጢን ሲደርስ እንዲናገር የታዘዘው «ራሴን ላጭተው ይመልከቱት» የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚህም በኋላ በ499 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የኢዮንያ ከተሞች ዐመፅ ተነሣ። አስተውሉ፤ ጦርነት ለማስነሣት የተላከ ንቅሳት ከዚህ የበለጠ ምን ትርጉም ሊኖረው ይችላል? ነገር ግን የተሸከመው ሰው የራሱን የራስ ቆዳ ሊያነብ አይችልም። ትርጉሙ የላኪውና የተቀባዩ ነበር እንጂ የተነቃሹ አልነበረም።

ሮማውያንም ከግሪኮች ይህን ልማድ ወረሱ። በ316 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ ባወጣው ሕግ፣ ወደ ማዕድን ጉድጓድ የሚላክ ፍርደኛ በእጁ ወይም በባቱ እንጂ በፊቱ ላይ እንዳይነቀስ አዘዘ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ ፊት በሰማያዊ ውበት አምሳል የተሠራ መሆኑን ጠቀሰ። ኦሪትም በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ስለ ሙታን ብሎ ገላን መቁረጥንና በገላ ላይ ምልክት ማድረግን ከልክላ ነበር። በዚህ መሠረት ክርስቲያኖች ንቅሳትን ፈጽመው የሚተዉት ይመስላል። በብዙ የምሥራቅ አገሮች የሆነው ግን ሌላ ነው።

በሱዳን ከዓባይ ዳር ተገኝታ፣ ምርመራዋ በ2014 ዓ.ም. በብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ የተገለጠ አንዲት ሴት አለች። ኑብያ የክርስቲያን አገር በነበረችበት ዘመን፣ በ700 ዓ.ም. ገደማ የሞተች ናት። በጭኗ ውስጠኛ ክፍል የመልአኩ የሚካኤል ስም በግሪክ ፊደላት ተጠላልፎ ተነቅሶባታል። ከልብስ ሥር ማንም በማያየው ሥፍራ ያስነቀሰችው ጎረቤት እንዲያነብላት አይመስለኝም። በግብፅም ያሉት ቅብጦች እስከ ዛሬ ድረስ በእጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ፤ ሕፃናትን ሳይቀር ያስነቅሳሉ።

ይህ ልማድ ከግብፅ ወጥቶ በሰፊው የታወቀው በኢየሩሳሌም ነው። ራዙክ የሚባል የቅብጥ ቤተሰብ ከግብፅ ወደ ቅድስት ከተማ ከገባ አምስት መቶ ዓመት ያህል እንደ ሆነው ይናገራል፤ ዛሬም በአሮጌው ከተማ በያፋ በር አጠገብ ተሳላሚዎችን ይነቅሳል። የቤተሰቡ መዝገብ መጽሐፍ አይደለም፤ እንጨት ነው። ስቅለቱ፣ ትንሣኤው፣ የድንግል ብሥራት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ዘንዶው እያንዳንዳቸው በትንሽ እንጨት ላይ ተቀርጸዋል። ነቃሹ እንጨቱን ቀለም ቀብቶ በክንድ ላይ እንደ ማኅተም ያሳርፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የታተመውን መስመር በመርፌ ይከተላል፤ ተሳላሚው ከወደደም የተሳለመበትን ዓመተ ምሕረት ያክልበታል። ጆን ካርስዌል የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር በ1950ዎቹ ዓመታት የእነዚህን እንጨቶች ቅርጽ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። ቅብጡም፣ አርመኑም፣ ሶርያዊውም፣ ከአገራችን ሄደው የተሳለሙትም በዚሁ ማኅተም ሥር አልፈዋል። በ1862 ዓ.ም. የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ የነበረው፣ በኋላ ኤድዋርድ ሰባተኛ የተባለው በዚያች ከተማ ተነቀሰ፤ በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ልጁ ጆርጅ፣ በኋላ ጆርጅ አምስተኛ የተባለው፣ እንዲሁ አደረገ።

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸግረንም፤ ማኅተምና ቀን ያለበት የምስክር ወረቀት ነውና። ከተሳላሚዎቹ አንዱም «ለእኔ ብቻ የሚሆን፣ ሌላ ሰው የሌለው ሥዕል ሥሩልኝ» ያለ አይመስለኝም። እንዲያውም የሚፈለገው ከእርሱ በፊት የመጣው ሰው የወሰደውን ያንኑ መውሰድ ነበር።

ነገር ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ምልክት እንኳ አገር ሲለወጥ ይለወጣል። ዊልያም ሊትጎው የተባለ የስኮትላንድ መንገደኛ በ1612 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ በክንዱ ላይ የኢየሩሳሌምን መስቀል፣ ከዚያም ጋር የንጉሡን የጀምስን ዘውድ አስነቀሰ። አንደኛው የሃይማኖት፣ ሁለተኛው የታማኝነት ምልክት መሆኑ ነው። በ1620 ዓ.ም. በእስፓንያ በማላጋ ከተማ ሰላይ ነህ ተብሎ ተያዘ። ከተፈታ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ የከተማው ሹም በክንዱ ላይ የመናፍቅ ንጉሥ ዘውድ ባየ ጊዜ ያ ሥፍራ በገመድ እየተጠበቀ እንዲቆራረጥ አዘዘ። ሊትጎው የታመመውን ክንዱን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስለ ታማኝነት የተነቀሰው ዘውድ በማላጋ የክስ ማስረጃ ሆኖ ተገኘ።

«ታቱ» የሚለው ቃል ግን ከኢየሩሳሌም አልመጣም። በ1769 ዓ.ም. የእንግሊዙ መርከበኛ ጀምስ ኩክ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ወደ ታሂቲ ደሴት በደረሰ ጊዜ ነዋሪዎቹ በገላቸው ላይ ያለውን ሥራ «ታታው» ሲሉት ተሰማ፤ ቃሉም በመርከበኞች አፍ ወደ አውሮፓ ገባ። መርከበኞቹ ቃሉንና ልማዱን ወሰዱ፤ በደሴቶቹ ሰዎች ዘንድ ንቅሳቱን ከዘርና ከማዕረግ ጋር የሚያያይዘውን ሥርዓት ግን እዚያው ተዉት። ቆይቶም በታኅሣሥ ወር 1891 ዓ.ም. ሳሙኤል ኦሬሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ፣ ኤዲሰን ለጽሕፈት ሥራ ካወጣው የኤሌክትሪክ ብዕር ተነሥቶ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የንቅሳት መሣሪያ የባለቤትነት መብት አወጣ። ነቃሾቹ በሱቃቸው ግድግዳ ላይ መልሕቁን፣ ንሥሩን፣ ጽጌረዳውንና ልብን በወረቀት ሥለው ይሰቅላሉ፤ ለጥቂት ሰዓት ከመርከብ የወረደው ሰው በጣቱ ያመለክታል፤ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። ትርጉሙን የሚጠይቀው አልነበረም።

ታዲያ ጥያቄው ከየት መጣ? በእኔ ግምት ንቅሳት ከመርከበኛውና ከወታደሩ ወጥቶ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ ዐሥርታት ወደ ተማረውና ወደ ደመወዝተኛው የከተማ ሰው በተሻገረ ጊዜ ነው። ይህ ሰው እንደ ትራቅያው ባላባት በወገኑ የታዘዘ አይደለም፤ እንደ ተሳላሚውም የሚከተለው ማኅተም የለውም። ብቻውን ይመርጣል፤ ምርጫውንም ለወላጁና ለአለቃው ማስረዳት ይኖርበታል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ማመልከቻ «ምክንያቱ ይገለጽ» ይባላል። እኅቴ ከልጇ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። በክፋት አይደለም፤ እናት ናትና ለማይመለስ ነገር ዋስ ትሻለች።

ትርጉም ግን ዋስ ሊሆን አይችልም። በታሪክ ውስጥ ትርጉማቸው ከሁሉ ይልቅ የጠራና የተወሰነ ንቅሳቶችን ብንፈልግ የምናገኛቸው በአውሽቪትዝ ነው። ናዚዎች ከ1941 ዓ.ም. መኸር ጀምረው አስቀድሞ በሶቪየት የጦር ምርኮኞች፣ ከዚያም በአይሁድና በሌሎች እስረኞች ገላ ላይ ቁጥር ይነቅሱ ነበር፤ ኋላ ሥፍራው የግራ ክንድ ሆነ። በዚያ የእስረኞች ሰፈር የተሰጡት ቁጥሮች ከ400,000 በላይ ናቸው። በቀጥታ ወደ መርዝ ጢስ ክፍል የተነዱት ደግሞ ቁጥር እንኳ አልተሰጣቸውም። የምልክቱ ትርጉም አንድና ግልጽ ነበር፤ ስም የለህም ማለት። ያም ሆኖ ሰባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በእስራኤል አንዳንድ የልጅ ልጆች የአያታቸውን ቁጥር በራሳቸው ክንድ ላይ በፈቃዳቸው አስነቅሰዋል። ቁጥሩ ያው ነው፤ ሰውን ሊያጠፋ የተጻፈው ግን ሰውን ለማስታወስ ዋለ። አንዳንድ አያቶች ይህን አይተው አለቀሱ፤ አንዳንዱም ተቆጡ፤ ሁለቱም የሚገባ ይመስለኛል።

በዚያችው አገር የእኛም ሰዎች አሉበት። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገቡት የቤተ እስራኤል እናቶች መካከል በአገር ቤት ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲኖሩ በግንባራቸው መስቀል የተነቀሱ ነበሩ። በጎንደር ገጠር የሚያስደንቅ ያልነበረው ምልክት፣ አይሁዳዊነታቸው በሚጠየቅበት አገር ብዙ የሚያስጠይቅ ሆነ። በሻሽ የሚሸፍኑት፣ በሌዘር የሚያስጠፉትም ነበሩ።

ለእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከነገርኋት በኋላ ምክሬን ጨመርሁላት። «ትርጉም ካለሽ ደግ ነው፤ ከሌለሽ ግን ለእናትሽ ብለሽ አትፍጠሪ። ትርጉሙ በአንቺ እጅ አይቆይምና። ይልቅስ ሥዕሉ ያለ ትርጉሙም ይጣፍጥሽ እንደ ሆነ ራስሽን ጠይቂ» አልኋት። መርፌው አዲስና በዓይኗ ፊት ከማሸጊያው የወጣ መሆኑን እንድታረጋግጥም አጥብቄ ነገርኋት፤ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ በተበከለ መርፌ ይተላለፋሉና። ስለ ቀለሙ መጽናትም ያነበብሁትን አጫወትኋት። ቀለሙን በቆዳ ውስጥ የሚይዙት ባዕድ ነገርን የሚውጡ የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ናቸው። በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ያሉ ተመራማሪዎች በ2018 ዓ.ም. በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ ቀለሙን ይለቁታል፤ በእግራቸው የተተኩት ደግሞ መልሰው ይውጡታል። ስለዚህ ንቅሳት ጸንቶ የሚኖረው ከሟች ወደ ተተኪ እየተላለፈ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ንቅሳት ልምጣ። ይህን ክፍል ወደ ኋላ ያቆየሁት አውቄ ነው።

በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ንቅሳት የሴቶች ጌጥ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን አንገት አይተናል። በአንገት ዙሪያ እንደ ድሪ ተደርድሮ፣ በአገጭ፣ በእጅ ጀርባ ይነቀሳል፤ በግንባርም መስቀል ይሆናል። ድዳቸውን የሚነቀሱም ብዙ ነበሩ፤ የድዱ መጥቆር የጥርሱን ንጣት ያወጣዋል፣ ድድንም ያጠነክራል ይባል ነበርና። በቋንቋችን «ነቀሰ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ እንዳለው ልብ በሉ፤ እሾህ ከእግር የሚያወጣ ሰውም ነቀሰ ይባላል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ያስገባል። ነቃሽቱ ጥላሸቱን በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ በአንድነት ባሰረችው መርፌ ወይም እሾህ እየወጋች ከቆዳ ሥር ታገባዋለች። ልጅቱን እኩዮቿ ይይዟታል፤ ተራቸውን እየጠበቁም ይስቁባታል።

የግንባሩ መስቀል ትርጉም አለው። የአንገት ማተብ ይበጠሳል፣ የግንባር መስቀል ግን አይበጠስም ሲባል ከሽማግሌዎች ሰምቻለሁ። የአንገቱስ? በጎጃም ገጠር ተወልዳ ያደገችውን እናቴን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ጥያቄው አልገባትም። ደግሜ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብላት ሳቀችና «ምን ትርጉም አለው፣ አንገት እኮ ነው! ባዶ አንገት ያምራልን?» አለችኝ። የነቀሰቻት ሴት ለገና ሰሞን ትመጣ እንደ ነበረ፣ ዋጋዋም አንድ ቁና ጤፍ እንደ ነበረ፣ ከእኩዮቿ አንዷ ፈርታ ቤተ ክህነት ጓሮ ተደብቃ እንደ ዋለች ነገረችኝ። ከዚህ ሌላ የምትለው አልነበራትም።

ከተማና ትምህርት ቤት እየሰፋ ሲሄድ ይህ ጌጥ የባላገር ምልክት ተብሎ መናቅ ጀመረ። የተማሩት ልጃገረዶች ተዉት፤ ቀድመው ከተነቀሱትም በቆዳ ላይ የሚያቃጥል ነገር አድርገው ሊያስለቅቁት ሲሉ ጠባሳ ያተረፉ አሉ። በዚህ ነገር እኔም እጄ አለበት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በነበርሁ ጊዜ የወላጆች ቀን ተባለና እናቴ ከሠፈራችን በእግሯ ተነሥታ መጣች። ጓደኞቼ የከተማ ልጆች ነበሩ። ከበሩ ላይ ተቀብያት፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ነጠላሽን ወደ ላይ አድርጊው፣ አንገትሽ ይታያል» አልኋት። አንድም ቃል ሳትመልስልኝ ነጠላዋን ሳበችው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ ወደ ቤት ስገባ እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ይሄዳል፤ እንደምታደርገው የምታውቀውም አይመስለኝም።

የእኅቴ ልጅ ከእኔ ቤት ከሄደች በኋላ በሰንበት አያቷ ዘንድ ሄዳ ኖሯል። ከመስመሮቹ አንዱን መርጣ በስስ ወረቀት ልትቀዳው ጀመረች። ሦስተኛው መስመር በስተ ግራ በኩል ከሁለት ጣት ስፋት በላይ ተቋርጦ ይቀራል። ምክንያቱን ብትጠይቅ፣ ዝናብ ስለ መጣ ነቃሽቱ ወንዙ ሳይሞላባት ልትሻገር ሥራዋን ትታ እንደ ሄደች፣ ከዚያም ወዲያ ወደ መንደሩ እንዳልተመለሰች አያቷ ነገረቻት። ልጅቱ የምትነቀሰው ያንኑ መስመር ከነክፍተቱ እንዲሆን ወሰነች፤ ቀጠሮዋንም ከፋሲካ በኋላ አደረገች። እናቷ በአጠገቧ ተቀምጣ «ትርጉሙስ?» ስትል ደግማ ጠይቃት ነበር።

እኔ የደረስሁት በዚህ መካከል ነው። በሩን ገፍቼ ስገባ እናቴ በመስኮቱ ብርሃን አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀምጣለች፤ ልጅቱም ወረቀቱን በአንገቷ ላይ ይዛ በእርሳስ ትከተላለች። እኔን ስታይ የእናቴ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ነጠላዋ ሄደ።

«እማማ፣ አይሸፍኑት፤ ገና አልጨረስሁም» አለቻት ልጅቱ።

እጇ ወደ ጭኗ ተመለሰ።